በአባቷ ስም የሚጠራው ሕግ

ዋኒታ ራትሊፍ አባቷ ከሞተ ወዲህ ስሙን አብዝታ የሰማችው ከዘመድ አፍ ሳይሆን ከዓቃቤ ሕግ አፍ ነው። በእኛ በምሥራቅ ኬንታኪ ሸለቆዎች ሆበርት ስቲደምን እንደ ሰው የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ከሰል ቆፋሪ ነበር፣ ባንጆ የሚሉትን ክራር መሳይ ይመታ ነበር፣ ሲስቅ ሳሉ ይቀድመው ነበር። ጠበቆች ግን «ስቲደም» ሲሉ ሰውየውን ማለታቸው አይደለም፤ ሕጉን ነው። ችሎት ላይ የተሠራን ስህተት እዚያው በሰዓቱ «እቃወማለሁ» ብሎ ያላስመዘገበ ተከሳሽ፣ በኋላ በይግባኝ ቢያለቅስ ሰሚ አያገኝም። ይኸው ነው ስቲደም ማለት። በዚህ ስም ስንት ሰው በር እንደተዘጋበት ቆጥሮ የጨረሰ የለም።

ነገሩ የተጀመረው ከሰል ቆፋሪዎቹ አድማ በመቱበት ዓመት ነው። አንድ የኩባንያ ዘበኛ በጥይት ተመታና ሆበርት ተያዘ። አማቹ ቆሞ «ያን ምሽት አብሮኝ ነበር» እያለ ሲመሰክር፣ ፍርዱን ከሚሰጡት አሥራ ሁለት ጁሪዎች አንዱ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተኝቶ ነበር። ጠበቃው አየው፤ ጁሪውን ላለማስቀየም ይሁን ምሳው አስቸኩሎት እንጃ፣ ዝም አለ። ሆበርት ከተፈረደበት በኋላ ያው ጠበቃ ይግባኝ ሲል «ኧረ ጁሪው ተኝቶ ነበር» ብሎ ጻፈ። የበላዩ ፍርድ ቤት ደግሞ «ታዲያ ያኔ ምን ዘጋህ?» አለና ፍርዱን አጸናው። ሆበርት እስር ቤት ውስጥ በሳንባው ሞተ። ውሳኔው ግን አልሞተም፤ መጽሐፍ ላይ ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ዳኛ ሁሉ እሱን እየጠቀሰ ይወስናል። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ሰው የእኛን ፍርድ ቤት አያውቅም። እዚያ ዝምታ ነቅዞ ነቅዞ የልጅ ልጅ ጋ ይደርሳል።

የልጅ ልጁ ኮልቢ ነው፤ የዋኒታ አንድዬ ልጅ። ያለፈው ዓመት መንገድ ዳር ያለን ነዳጅ ማደያ ፊቱን የሸፈነ ሰው በሽጉጥ ዘረፈ። ሻጩ «አረማመዱን አውቀዋለሁ፣ ኮልቢ ነው» አለ። በአረማመድ ሰው የሚታሰር ከሆነ የዚህ ሸለቆ ግማሹ ወንድ ይታሰር፤ ወገቡን ከሰል ሰብሮት እንደ ኮልቢ ያነክሳል። ኮልቢ በዚያ ሰዓት አያቱ ኦማ ቤት ሶፋ ላይ ተኝቶ ነበር። ያየችው ደግሞ ኦማ ብቻ ናት።

የሆበርት ሚስት ኦማ ስቲደም በሰማንያ ምናምን ዓመቷ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ምስክር ወንበር ላይ ወጣች። ዋኒታ ከኋላ ከተመልካቾቹ መካከል ተቀምጣለች። እሷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ በመስታወት የሰው ልጅ ስትቃኝ የኖረች ናትና ዓይኗ ሳታዘው ወደ ጁሪዎቹ ሄደ። ሰባተኛው ወንበር ላይ ያለው ወፍራም ሰውዬ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሏል። ከንፈሩ ተንጠልጥሏል። የኮልቢን ጠበቃ ባርገርን በዓይን ብትጠራው ጀርባውን ሰጥቷታል፤ ብትስል አይዞርም። እናቷ እዚያ «ሾርባ ሠርቼለት፣ በልቶ ተኛ» እያለች ነው። ዋኒታ ሳታስበው ብድግ አለች።

«ክቡር ዳኛ፣ ያ ሰውዬ ተኝቷል። እናቴ እየመሰከረች እሱ ተኝቷል።»

ዳኛው ቀና ብሎ ጁሪዎቹን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። «ወይዘሮ፣ ወይ ይቀመጡ ወይ ይውጡ።» ባርገር ፊቱ በርበሬ መስሎ ተነሳና «ስለ እናትየዋ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ክቡር ዳኛ» አለ። የችሎቱ ፖሊስ ዳረል፣ አብረው የተማሩት ዳረል፣ መጥቶ ክንዷን ያዘ።

«ነይ ዋኒ፣ አታስቸግሪኝ።»

«አንተ አላየኸውም?»

«እኔ የማየው በሩን ነው።»

ኮልቢ አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት መጀመሪያ የደወለ ቀን ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «እማ፣ ያ ጩኸትሽ ነው የጣለኝ» አላት። «እንደ እብድ ቤተሰብ አዩን። ባርገርም ብሎኛል።» ዋኒታ ስልኩን ዘግታ ቁምሳጥኑን ተደግፋ ቆመች፤ ልጄን በገዛ አፌ በላሁት ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ስትሄድ እንኳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

በክረምቱ መጨረሻ ከዋናው ከተማ አንዲት ሴት ደወለች። ማርጎ ዌንዴል ትባላለች፤ መንግሥት ለድሃ ተከሳሾች ይግባኝ የሚያቆማት ጠበቃ ናት። ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«ወይዘሮ ዋኒታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሆበርት ስቲደም ምንዎ ናቸው?»

«አባቴ ነው። ምነው?»

«ዓቃቤ ሕግ በልጅዎ ላይ በቅድሚያ የጠቀሰው ውሳኔ የእሳቸው ነው።»

ዋኒታ ተቀመጠች። አያት በልጅ ልጁ ላይ ሲመሰክር መስማት ማለት ይኸው ነው። «ታዲያ ይሻሩት በያቸው» አለች በመጨረሻ።

«ይግባኙን የሚሰሙት ዳኞች ሊሽሩት አይችሉም። ከበላያቸው ያለ ፍርድ ቤት ነው የወሰነው፤ የላይኛው ያለው የታችኛውን ያስገድደዋል። እኔ ያለኝ መንገድ አንድ ነው፤ ይኼ ጉዳይ ስቲደም አይደለም ማለት። በአባትዎ ጊዜ ማንም አልተናገረም። በልጅዎ ጊዜ ግን የተናገረ ሰው አለ።»

«ማነው የተናገረው? ባርገር እንደሁ ይቅርታ ነው የጠየቀው።»

«እርስዎ ነዎት።»

ዋኒታ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «እኔ እኮ ጠበቃ አይደለሁም።»

«እሱ ነው ችግሩ» አለች ማርጎ። «ግን አንድ ሌላ የቆየ ውሳኔ አግኝቻለሁ፤ ኖላን ይባላል። እዚያ ላይ መቃወሚያ የሚያስፈልገው ዳኛው ስህተቱን አውቆ እንዲያርም ነው ይላል። ዳኛው ካወቀ፣ በማን አፍ አወቀ የሚለው ለውጥ አለው ወይ? እሱን ነው የምከራከረው። ተስፋ ስጪኝ አይበሉኝ ብቻ።»

ሕግ እዚህ አገር እንዲህ ነው፤ ሙት በሙት ይሟገታል። ሆበርት በአንድ ወገን፣ ዋኒታ አይታው የማታውቀው ኖላን የሚባል ሰው በሌላ ወገን ሆነው የኮልቢን አሥራ አምስት ዓመት ይጓተቱ ጀመር። ያኔ ነው ዋኒታን ጭንቀት የያዛት። የባቡር ሐዲድ ስታቋርጥ እንደ ደንቡ አውቶቡሱን አቁማ፣ በሩን ከፍታ ታዳምጣለች፤ ግን ጆሮዋ ባቡሩን ትቶ ሌላ ነገር ያዳምጣል። ልጆቹ ከኋላ «ወይዘሮ ዋኒታ፣ ባቡር የለም እኮ» እስኪሏት እግሯ ፍሬኑ ላይ ይቀራል። የሠራችው ባቄላ ያርርባታል። ጸሎት ስትጀምር ስለ ልጇ ልትለምን ተነስታ «ያ ሰውዬ ምነው ባልተኛ» ላይ ትቀራለች። ኮልቢ ሲደውል ስለ ይግባኙ አይጠይቃትም፤ ስለ ውሻው፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ይሄ ከስድብ ይብስባታል።

የይግባኝ ዳኞቹ አንዳንዴ እየዞሩ ያስችላሉ። የኮልቢ ተራ የደረሰ ጊዜ የተሰየሙት በጎረቤት ወረዳ ኮሌጅ አዳራሽ ነበር፤ ሦስት ዳኞች፣ ከኋላቸው ተማሪዎች ለቲያትር የእርሻ ቤት የሳሉበት መጋረጃ። መምህራቸው የላካቸው ተማሪዎች የኋላውን ወንበር ሞልተውታል፤ አንዱ ድንች ጥብስ ይቆረጥማል። ኮልቢ የለም፤ ይግባኝ ላይ ተከሳሽ አይቀርብም፤ የሚከራከሩት ስለ እሱ ነው እንጂ ከእሱ ጋር አይደለም። ኦማ አልቀርም ብላ ዱላዋን ይዛ መጥታለች። ማርጎ ገና መኪና ማቆሚያው ላይ ዋኒታን እጇን ይዛ «ዛሬ ምንም ቢሉ ምን፣ እባክዎን ድምፅዎ እንዳይሰማ» አለቻት። ዋኒታ ራሷን ነቀነቀች። እናቷን ደግፋ ገባች።

ማርጎ ተነሳች። ከፊቷ ያለው መብራት አረንጓዴ ነው፤ ቀይ ሲሆን አፏን ትዘጋለች። ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ሽማግሌው ዳኛ አቋረጣት።

«ስቲደምን እኛ ልንነካው አንችልም፣ ወይዘሪት ዌንዴል። ከላይ የመጣ ነው።»

«እንድትነኩት አልጠይቅም፣ ክቡር ዳኛ። እንድታነቡት ነው የምጠይቀው። ስቲደም የሚቀጣው ዝምታን ነው። እዚህ ዝምታ አልነበረም።»

«የተከሳሹ ጠበቃ ግን ይቅርታ ጠየቀ እንጂ አልተቃወመም።»

«ልክ ነው። ይቅርታ የጠየቀው ስለተነገረ ነገር ነው። ባልተነገረ ነገር ይቅርታ አይጠየቅም።»

ዋኒታ ስታዳምጥ መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ ቀይ ሆነ። ሙግት የሚባለው ይኸው ነበር፤ የልጇ አሥራ አምስት ዓመት ድንች ጥብሱ ተቆርጥሞ ሳያልቅ አለቀ። ቀጥሎ የመንግሥት ጠበቃ ተነሳ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነው። «ስቲደም» ሲል መንገድ ላይ ያለ ድንጋይ የሚጠራ ይመስላል። ያ ስም ባንጆ ይመታ እንደነበር ማን ይንገረው።

«ክቡራን ዳኞች፣ ከተመልካች ወንበር የሚነሳ ጩኸት መቃወሚያ ከሆነ፣ ከነገ ጀምሮ አክስት ሁሉ ጠበቃ ትሆናለች» አለ። ተማሪዎቹ ሳቁ። መሃል የተቀመጠችው ሴት ዳኛ ግን አልሳቀችም። በእኛ አገር ችሎት የሚመዘገበው በቪዲዮ ነው፤ እሷ አይታዋለች ማለት ነው።

«ወይዘሮዋ ተናግራ ስትጨርስ ዳኛው መጀመሪያ ያየው ወዴት ነው?»

ልጁ ወረቀቱን አገላበጠ። «ወደ ጁሪዎቹ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«መገመት አልፈልግም።»

«እኔ እንዲገምቱ እፈልጋለሁ። ግን ይሁን። በስቲደም ጊዜስ? ያኔ ጁሪው መተኛቱን የተናገረ ሰው ነበር?»

«አንድም ሰው፣ ክብርት ዳኛ።»

ዋኒታ ጉልበቷ ሊያነሳት ሲል ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። ነበረ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ጋ ቅርብ ልሁን ብላ እናቷ ጎን ተሸጉጣ ተቀምጣ ነበር። ያ ጁሪ ሲተኛ አይታ የእናቷን እጅጌ ጎትታ «እማዬ፣ ያ ሰውዬ ተኝቷል» አለቻት። እናቷ ጭኗን ቆንጥጣ «ዝም» አለቻት። ዝም አለች። ስለዚያ ነገር እናትና ልጅ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ኦማ እስከ ዛሬ የምትረግመው ጠበቃውን ነው፤ ዋኒታም እናቴ ረስታዋለች ብላ ትታዋለች። የኮልቢ ችሎት ላይ ያስነሳት ግን ያ ቁንጥጫ ነበር። አሁን ምላሷን ነክሳ ወደ እናቷ ዞረች። ኦማ ጫማዋን እያየች ነው።

ወደ ቤት ሲነዱ፣ ተራራው ሥር ያለውን መታጠፊያ ሲያልፉ ኦማ «ያቺ ዳኛ ጉንፋን ሳይዛት አይቀርም» አለች። ዋኒታ «ይሆናል» አለች።

ውሳኔ የሚወጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ከዚያ በኋላ ለዋኒታ ሳምንት ማለት ዓርብ ብቻ ሆነ። ሐሙስ ማታ እህል አይወርድላትም፤ ዓርብ ልጆቹን አድርሳ እናቷ ቤት ትሄዳለች፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ቁጭ ብድግ ትላለች። ረፋዱ ያልፋል፤ ስልኩ አይጮኽም። «የፈሩት ይደርሳል» ትላለች ለራሷ። ደግሞ አፏን ትመታለች፤ ከአፌ የወጣ ነገር በቃኝ ትላለች። አንድ ዓርብ ጎረቤት ስለ ጠፋ ድመት ደውላ ዋኒታ ልትሞትባት ነበር።

ጸደይ ገብቶ ዶግዉድ የሚሉት ዛፍ ነጭ ሲያብብ፣ በአንዱ ዓርብ፣ ማርጎ ደወለች። ዋኒታ ኦማ እንድትሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«ሁለት ለአንድ» አለች ማርጎ። «ተሽሯል። ፍርዱ ተሽሯል፣ ወይዘሮ ዋኒታ። ኮልቢ እንደገና ይዳኛል።»

ዋኒታ የሰማችው «እንደገና» የሚለውን ብቻ ነው። «ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

«ዛሬ አይመጣም። መንግሥት ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ ሊተወውም ይችላል፤ ድጋሚ ሊከሰውም ይችላል። ሽማግሌው ዳኛ አልተስማሙም፤ በሩ ሊከፈት አይገባም ብለዋል። ገና ብዙ መንገድ አለ። ግን አሥራ አምስት ዓመቱ ዛሬ የለም። ያቺ ጩኸት መቃወሚያ ናት ብለዋል።»

ዋኒታ በመዳፏ አፏን ሸፈነች። ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነስቶ የት እንደሚቀመጥ የቸገረው ይመስል፣ ስትስቅም ስታለቅስም ሳይለይ ቆየች።

ኦማ ዱላዋን ተደግፋ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ስለ ሆበርትስ ምን አሉ?»

«አንድ አንቀጽ አለ፣ ወይዘሮ ኦማ። ላንብበው?»

«አንብቢው።»

«‹የስቲደም ውሳኔ ዛሬም እንደጸና ነው። በዚያ ችሎት ጁሪው መተኛቱን አፍ አውጥቶ የተናገረ ማንም ሰው አልነበረም።›»

«ነበረ» አለች ኦማ።

ማርጎ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። «ምን አሉኝ?»

«ነበረ አልኩሽ። አንዲት ልጅ ነበረች። ለእናቷ ነገረቻት፤ እናቷ ቆነጠጠቻት። ይኼን ጻፊላቸው።»

ማርጎ ድምፅዋን አለስልሳ «ወይዘሮ ኦማ፣ መዝገብ ላይ የሌለ ነገር ማስገባት አልችልም» አለች። «የእሳቸው ጉዳይ ተዘግቷል።»

«እንግዲያ እዚህ ላለችው ልንገራት።» ኦማ ወደ ልጇ ዞረች። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ አገጯ ግን ይንቀጠቀጣል። «እኔም አይቼው ነበር፣ ዋኒ። አንቺ ሳታይው ነው ያየሁት። ያ የተኛው ጁሪ የኩባንያው ሹም የሚስት ወንድም ነበር። ብናስቆጣው ሆበርትን ሞት ፈርደው የኤሌክትሪክ ወንበር ላይ ያስቀምጡብኛል ብዬ ፈራሁ። ፈራሁና አንቺን ቆነጠጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው «ጠበቃው ነው የጣለው» እያለ ለአባትሽ ሲያዝን ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር።»

የዋኒታ ቁጣ መጣ፤ መጥቶ ሳይደርስ ይህች አሮጊት እዚያ አዳራሽ ጫማዋን እያየች የተቀመጠችው ታየቻት። ማርጎ ቀስ ብላ ተሰናብታ ስልኩን ዘጋች።

ወዲያው ስልኩ እንደገና ጮኸ። ኦማ ዱላዋን ጥላ በሁለት እጇ ቀድማ አነሳችው። የማሽኗ ሴት ጥሪው ከእስር ቤት መሆኑን፣ የሚወራውም እንደሚቀረጽ ተናግራ ስትጨርስ ኦማ «ሃሎ» አለች።

«አያቴ? እማ የለችም? ዛሬ ዓርብ ነው ብዬ ነው የደወልኩት።»

«አለች። ተሽሮልሃል፣ ልጄ። ገና አትወጣም፤ ግን ተሽሮልሃል። አሁን ዝም ብለህ ስማኝ፤ እየቀረጹም ከሆነ ይቅረጹት። ያሳሰረችህ እናትህ አይደለችም። ያዳነችህ ናት። አያትህ በእስር የሞተው እኔ ዝም ስላልኩ ነው፤ እናትህ እኔን አልሆነችም።»

ኦማ ስልኩን ወደ አፏ ይበልጥ አስጠጋችው።

«ሰምተሃል ወይ? እናትህ እኔን አልሆነችም አልኩህ።»

ዋኒታ ስልኩን እንድትሰጣት እጇን ዘረጋች፤ ኦማ ግን ገና አልጨረሰችም።